የመቅደሱ ማዕዘን

አጎቴ ችካሉን ተከለና በዶማው ጀርባ ሁለት ጊዜ መታው። የቃጫውን ገመድ አንድ ጫፍ ችካሉ ላይ ላላ አድርጎ አሰረ፤ በሌላው ጫፍ የሾለ የወይራ እንጨት ቋጠረበት። ከዚያ ገመዱን ወጥሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የኋሊት እየተራመደ ዞረ። ጥር ነው። ጤፉ ከአውድማ ገብቷል፤ የይጁቤ አፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እንጨቱ ሲፍቀው ነጣ ያለ መስመር እየተወ ይሄዳል። መስመሩ ዞሮ ከተነሣበት ሲገጥም ቀና አለና «ከመሐሉ እስከ ግድግዳው ሦስት ሜትር፤ ለማድቤት ይበቃል» አለኝ።

ቤት ሲተለም ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ዕለት ነው። ገመዱን ከችካሉ ፈታ። ርዝመቱን ሳይለውጥ አንዱን ጫፍ መስመሩ ላይ፣ በር ይሆናል ካለው ቦታ በስተቀኝ አስያዘኝ፤ ሌላውን ጫፍ ወጥሮ መስመሩን እስኪነካ ወሰደውና ጠጠር አኖረበት። ከዚያ ጠጠር ተነሥቶ ወደ ቀጣዩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ጊዜ። የክብ ግማሽ ስፋት በክቡ መስመር ላይ ስድስት ጊዜ ሲዘረጋ ዞሮ መነሻው ላይ ያርፋል፤ ይህ በትክክል እውነት ነው፣ በግምት አይደለም። የዚያን ቀን ግን ስድስተኛው ጠጠር መነሻውን አንድ ጋት ያህል አልፎ ወደቀ።

«ገመዱ ተስቧል» አለ አጎቴ። የመጨረሻውን ጠጠር ብቻ ጎትቶ ቢያስተካክል ማንም አይነቅፈውም ነበር። እሱ ግን ትርፏን ጋት ለስድስቱም አካፈላት፤ ሁለተኛውን ጠጠር በጥቂቱ፣ ሦስተኛውን በእጥፉ፣ አራተኛውን ከዚያም አስበልጦ ወደ ኋላ መለሳቸው። ከዚያ በየሁለቱ ጠጠር መካከል ሌላ ጠጠር አስገባ፤ አሥራ ሁለት የምሰሶ ጉድጓድ። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት፦ ሦስት ሜትር ግማሽ ስፋት ባለው ክብ ላይ አሥራ ሁለት ምሰሶ ቢቆም በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር ከ55 ሴንቲ ሜትር ነው። አጎቴ ይህን ቁጥር አያውቀውም፤ ሊያውቀውም አይገደድም። ርቀቱን የወለደው ገመዱ ነው።

እኔ ያን ቀን፣ ገመዱን ለመያዝ ከመነሣቴ በቀር፣ ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ኮምፒውተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ በአንድ ሥዕል ላይ ከጧት ጀምሮ እየታገልኩ ነበር። ስለ ጥንቱ የባሶ ገበያና ስለ አካባቢው አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጃለሁ። ሦስት ሥዕሎች ያስፈልጓታል፦ የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ንድፍ፣ የነጋዴዎች መንገድ የሚታይበት ሥዕላዊ መግለጫ፣ እና አንድ ካርታ። ሦስቱንም የምሠራው በላቴክ ነው።

ላቴክን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። በተለመደው የጽሑፍ ፕሮግራም ጸሐፊው ገጹን እያየ ፊደሉንና ሥዕሉን በእጁ ያንቀሳቅሳል። በላቴክ ግን ጸሐፊው የሚፈልገውን በጽሑፍ ያዝዛል፤ ገጹን አስልቶ የሚያሰናዳው ፕሮግራሙ ነው። ሥረ መሠረቱ ቴክ ይባላል። ዶናልድ ክኑዝ የተባሉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፋቸውን አዲስ እትም የማረሚያ ገጾች ሲመለከቱ የፊደሉ አጣጣል አሳዘናቸውና ለራሳቸው መጽሐፍ ሲሉ የጀመሩት ሥራ ነው። በ1980ዎቹ ሌዝሊ ላምፖርት በላዩ ላይ ላቴክን ሠሩ፤ ዛሬ የሒሳብና የፊዚክስ ጽሑፍ በአብዛኛው የሚሰናዳው በእሱ ነው። ሥዕል ለመሥራት ደግሞ ቲክዜድ የሚባል ተጨማሪ አለ፤ ጀርመናዊው ቲል ታንታው ለዶክትሬት ጽሑፋቸው ሥዕሎች ብለው የጀመሩት ነው። ስሙ በጀርመንኛ ሲፈታ «ቲክዜድ የመሳያ ፕሮግራም አይደለም» ማለት ነው። እውነትም አይደለም፤ መስመር በእጅ አይጎተትበትም፤ ክብ ከፈለግህ መሐሉንና ስፋቱን ትናገራለህ።

ለእኛ ፊደል ይህ መንገድ ለረጅም ጊዜ ጠባብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብርሃኑ በየነ ከሐምቡርግ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የግዕዝን ፊደል ለቴክ የሚያበቃ ጥቅል አዘጋጁ፤ ጽሑፉ በላቲን ፊደል ይተየባል፣ በግዕዝ ፊደል ይወጣል። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር፤ ያን ጥቅል ያዘጋጁትን ሰዎች ዛሬም በአክብሮት አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ ገባ፤ በ2004 ጆናታን ኪው ዩኒኮድን በቀጥታ የሚያነበውን ዜቴክን አወጡ። ከዚያ ወዲህ አማርኛውን በአማርኛነቱ መጻፍ ይቻላል። እንዲያውም ሥዕሉ ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ ወይም «መቅደስ»፣ «በር» ብሎ መሰየም ይቻላል፤ ፕሮግራሙ አይከፋውም።

የእኔ ችግር የመጣው ከመቅደሱ ነው። የጎጃም ክብ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ክፍል አለው፦ ከውጭ ደብተራዎች የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስት፣ መሐል ላይ ታቦቱ የሚያርፍበት መቅደስ። ሁለቱ ክብ ናቸው፤ መቅደሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። እኔ ሦስቱንም በዓይኔ መጥኜ ነበር የሳልኳቸው። ለመቅደሱ ጎን 3 ሴንቲ ሜትር፣ ለቅድስቱ ክብ 3.12 ግማሽ ስፋት፣ ለቅኔ ማኅሌቱ 4.32 ሰጠሁ። ደህና ነበር። ከዚያ «መቅደስ» የሚለው ጽሑፍ፣ የመንበሩ ምልክትና ቀስቶቹ አልበቃ ሲሉኝ የመቅደሱን ጎን ወደ 4.5 አሳደግሁት።

አጎቴ እጁን ሊታጠብ ሲመጣ በትከሻዬ በኩል አየው። ገበሬ ነው፤ ዲያቆንም ነበር በልጅነቱ። «አንተ ልጅ» አለኝ፣ «ማዕዘኑ እኮ የቅድስቱን ግድግዳ ወጋው። ካህናቱ በየት ይዞራሉ?»

እውነት ነበር። አራቱም ማዕዘኖች ክቡን ሰንጥቀው ወጥተዋል። የአራት ማዕዘን ጎን 4.5 ሲሆን ከመሐሉ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት የጎኑ ግማሽ፣ ማለትም 2.25 አይደለም፤ በሁለት ስኩዌር ሩት ተባዝቶ 3.18 ነው። ክቡ ደግሞ 3.12 ላይ ቆሟል። ዓይኔ ያየው የጎኑን መሐል ነው፤ እዚያ ገና ብዙ ቦታ አለ። የሚያጣብቀው ማዕዘኑ ነው፣ ማዕዘኑን ዓይን ይረሳዋል።

ክቡን ሰፋ አድርጌ ልለፈው ብዬ ነበር። ግን የአጎቴ ጠጠሮች ፊት ለፊቴ ነበሩ። ክቡን ባሰፋው ቅኔ ማኅሌቱም ይጠባል፤ እሱን ባሰፋ በሮቹ ቦታቸውን ይስታሉ፤ በሮቹን ባስተካክል ጽሑፎቹ ይሸሻሉ። ሥዕሉ ውስጥ በእጄ የጻፍኳቸውን ቁጥሮች ቆጠርኳቸው፤ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ አንዱም ሌላውን አያውቀውም። ሁሉንም አጠፋኋቸውና ከሦስት ብቻ ጀመርኩ፦ የመቅደሱ ጎን፣ ካህናት የሚያልፉበት ጠባቡ ስፍራ፣ የቅኔ ማኅሌቱ ወርድ። የቀረው ከእነዚህ ይወለዳል። የቅድስቱ ግማሽ ስፋት ከመሐል እስከ ማዕዘን ያለው ርቀት ሲደመር ማለፊያው ነው። ጎኑ 3 ሲሆን 2.12 እና 1፣ በድምሩ 3.12። ጎኑ 4 ሲሆን 2.83 እና 1፣ 3.83። የቅኔ ማኅሌቱ በዚያ ላይ 1.2 ይጨምራል፤ 5.03። አሁን መቅደሱን ሳሳድገው ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ አብሮት ያድጋል፤ የካህናቱም መንገድ አይጠፋም።

ቲክዜድ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የራሱ የስሌት አነጋገር አለው፤ አጻጻፉን ሳየው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ($(ሀ)!0.5!(ለ)$) ብለህ ስትጽፍ «ከሀ ተነሥተህ ወደ ለ መንገዱን አጋምስ» ማለትህ ነው። በ0.5 ፋንታ 0.25 ብትል ሩቡን ይሄዳል፤ 1.5 ብትል ለን አልፎ የመንገዱን ግማሽ ያህል ይቀጥላል። ከቁጥሩ ጋር ሴንቲ ሜትር ብትጨምርበት ደግሞ ድርሻ መሆኑ ቀርቶ ርዝመት ይሆናል፤ ከሀ ወደ ለ አቅጣጫ ይህን ያህል ተራመድ ይላል። በመካከሉ ቁጥር ሳይሆን ሦስተኛ ነጥብ ብታስገባ፣ ($(ሀ)!(ሐ)!(ለ)$) ብትል፣ ከሐ ወደ ሀ እና ለ መስመር ቀጥ ብሎ የሚወርድበትን እግር ይሰጥሃል። ግንበኛ በስኳድራ የሚፈልገው ያው ነጥብ ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት አስለክተህ፣ ስም ሰጥተኸው፣ ለሌላ ክብ ግማሽ ስፋት አድርገህ ልትጠቀምበትም ትችላለህ። ይህ የአጎቴ ገመድ ነው፤ ከአንድ ቦታ ወስዶ ሌላ ቦታ የሚዘረጋ ርዝመት። የቲክዜድ መመሪያ መጽሐፍ ከ1,300 ገጽ በላይ ነው፤ ይህንን ስሌት የሚያስተምርበት ምዕራፍ የመረጠው ምሳሌ ደግሞ የዩክሊድን የመጀመሪያ ድንጋጌ ነው፣ በሁለት ክብ መገናኛ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን መሥራትን። አጎቴ በጠጠር ስድስት ጊዜ የሠራው ያንኑ ሦስት ማዕዘን ነው።

በሮቹ ሌላ ትምህርት ነበራቸው። በሩ በሥዕሉ ላይ 0.8 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብያለሁ። ክብ ላይ የሚከፈት በር ግን የሚለካው በዲግሪ ነው፤ መስመሩ የት ተቋርጦ የት እንደሚቀጥል ለፕሮግራሙ በማዕዘን መንገር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ለሁለቱም ክቦች አሥር አሥር ዲግሪ ሰጥቼ ነበር፤ የውጩ በር ሰፊ፣ የውስጡ ጠባብ ሆነው ወጡ። አንድ ዓይነት ወርድ ያለው በር 4.32 ግማሽ ስፋት ባለው ክብ ላይ 10.6 ዲግሪ ይወስዳል፤ 3.12 በሆነው የውስጥ ክብ ላይ 14.7 ይወስዳል። ስለዚህ ዲግሪውም በእጅ አይጻፍም፤ ከበሩ ወርድና ከክቡ ስፋት ይሰላል። መቅደሱን ወደ 4 ሳሳድግ የውጩ በር በራሱ ወደ 9.1 ዲግሪ ወረደ፤ ወርዱ ግን 0.8 እንደሆነ ቀረ። ይህን በስክሪኑ ላይ ሳይ የተሰማኝን ደስታ መደበቅ አልችልም።

ሁለተኛው ሥዕል የንግዱ መንገድ ነው። ይጁቤ ዛሬ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወረዳው ወደ ዓባይ ገደል በሚወርድበት ምድር። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ስሟ ከባሶ ገበያ ጋር ነበር የሚነሣው። ከዓባይ ማዶ፣ ከሊሙ ኢናርያ ሰቃ የተነሣ ነጋዴ በጉድሩ አሰንዳቦ አድርጎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ባሶ ይደርሳል፤ ከዚያ ዕቃው ወደ ጎንደርና እስከ ምጽዋ ይቀጥላል። ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ከደቡብ ይመጣሉ፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ከሰሜን ይወርዳሉ። ሰዎችም በዚሁ መንገድ በባርነት ተነድተዋል፤ በመጽሐፌ ውስጥ ይህን ከቡናውና ከወርቁ ዝርዝር ጋር አልቀላቅለውም፣ ለብቻው ጽፌዋለሁ።

ሥዕሉ አምስት ሣጥኖች ናቸው፤ ሰቃ፣ አሰንዳቦ፣ ባሶ፣ ጎንደር፣ ምጽዋ። ቲክዜድ ሣጥኑን በውስጡ ባለው ቃል ልክ ይሰፋል፤ ስለዚህ ሰቃ ጠባብ፣ አሰንዳቦ ሰፊ ሆኖ ወጣ። ትልቅ ገበያ የነበረው ባሶ በሁለት ፊደል ምክንያት ከሁሉ አንሶ ሲታይ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለሁሉም ሣጥን አንድ ወርድ በግምት መስጠት ይቻላል፤ ነገር ግን ፊደሉ ሲቀየር ያ ግምት ይፈርሳል። የግዕዝ ፊደል ከቅርጽ ቅርጽ ወርዱ ይለያያል፤ በአንዱ የፊደል ዓይነት የበቃ ሣጥን በሌላው ይጠብባል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙን አምስቱንም ቃላት አስለክቶ፣ ትልቁን መርጦ፣ ያንን ለሁሉም አነስተኛ ወርድ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፣ እኔም ወድቄበታለሁ። በቲክዜድ «ከባሶ በስተቀኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር» ማለት በሁለት መንገድ ይጻፋል። በጥንቱ አጻጻፍ ርቀቱ ከመሐል እስከ መሐል ነው የሚለካው፤ በአዲሱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ቦታ መለዋወጥ ብቻ ስለሆነ ዓይን አይይዘውም። ሣጥኖቹ እኩል ካልሆኑ በጥንቱ አጻጻፍ ቀስቶቹ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ይሆናሉ፤ አንባቢውም አንዱ መንገድ ከሌላው ይረዝማል ብሎ ያነበዋል። በሥዕል ላይ ያለ ርቀት፣ ሠሪው ቢያስብበትም ባያስብበትም፣ የሚናገረው ነገር አለው።

ነጋዴዎቹ ራሳቸው እንዲህ ነበር የሚናገሩት፦ ከእገሌ ገበያ የሁለት ቀን መንገድ፣ ከወንዙ ማዶ የግማሽ ቀን። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 በአገራችን የቆየው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ በጎጃም ሳለ በይጁቤ አቅራቢያ ሰፍሮ ከእነዚህ ሰዎች እየጠየቀ ነው ራሱ ያልረገጠውን የደቡብ ምድር በካርታ ላይ ለማኖር የሞከረው። አንዱ ቦታ ከሌላው ላይ ይንጠለጠላል፤ የመጀመሪያው ከተሳሳተ ሁሉም ይንሸራተታሉ። የለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር በ1845 የወርቅ ሜዳልያውን ሰጠው።

በዚያው ዘመን አንትዋን ዳባዲ የተባለ ተጓዥ ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ከ1838 እስከ 1848 አገራችንን ሲዞር፣ ከተራራ ተራራ እየወጣ፣ በቴዎዶላይት አንዱን ጫፍ ከሌላው ጋር የሚያገናኘውን ማዕዘን ይለካል። የአንድ ሦስት ማዕዘን አንዱ ጎንና ሁለቱ ማዕዘኖች ከታወቁ የቀሩት ሁለት ጎኖች ሳይረገጡ ይሰላሉ፤ በጥልቁ የዓባይ ገደል ላይ ገመድ መዘርጋት ለማይቻልበት አገር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አልነበረም። ውጤቱ ከ1860 እስከ 1873 በመጽሐፍ ወጣ። ይህ ሰው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም አሳትሟል፤ በፈረንሳይ ባስክ አገር ያሠራው ቤቱ ግድግዳ ላይም የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ቢክ በ1850 የዳባዲን የካፋ ጉዞ የሚጠራጠር ጽሑፍ አሳተመ፤ ለራሱ የተሰጠውን የፓሪስ ሜዳልያም መለሰ። የሁለቱን ጸብ እዚህ አልፈታውም። እኔን የያዘኝ ሦስት ማዕዘኑ ነው።

በካርታዬ ላይ የዳባዲን ዘዴ ለአንባቢ ለማሳየት አንድ ምሳሌ ሠራሁ። የታወቀው ጎን 4 ሴንቲ ሜትር፣ በሁለቱ ጫፎቹ ያሉት ማዕዘኖች 50 እና 60 ዲግሪ። ሦስተኛው 70 ይሆናል፤ የቀሩት ጎኖች 3.26 እና 3.69። ጫፉን በቁጥር አላስቀመጥኩትም፤ ሁለቱ የእይታ መስመሮች የሚገናኙበትን ቦታ ፈልግ ብዬ አዘዝኩ። በመስክ ላይ ሦስቱ ማዕዘኖች ሲደመሩ ልክ 180 አይሆኑም ማለት ይቻላል፤ ቀያሹ ጉድለቱን ወይም ትርፉን ለሦስቱም ያካፍላል። አጎቴ ያቺን ጋት ለስድስት ጠጠር ሲያካፍል ያየሁት ነገር ይህ መሆኑ የገባኝ እዚህ ላይ ስደርስ ነው።

በጎጃም ገመድ የቤት መትለሚያ ብቻ ሆኖ አልቆየም። በሌሎች አካባቢዎች መሬት ቀላድ በሚባል ገመድ ሲለካ፣ የጎጃም ርስተኛ ርስቴን አላስለካም ብሎ ለረጅም ዘመን ጸንቷል፤ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣም ከስጋቶቹ አንዱ መሬቴ ሊለካ ነው የሚል ነበር። ገመዱን የሚይዘው ማን ነው፣ ከየት ወዴት ይዘረጋል፣ ትርፉ ለማን ይሆናል፤ እነዚህ ጥያቄዎች እዚህ አገር ሰው ያለቀባቸው ናቸው። ካርታ ስሠራ ይህን አስባለሁ።

ካርታው ሁለት ነገር አስተማረኝ። አንደኛው የምድር ጉዳይ ነው። በእኛ ኬክሮስ አካባቢ ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ዲግሪ ወደ 110.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ግን ወደ 109.5 ነው። ሁለቱን በእኩል ርዝመት ከሳልኳቸው ካርታው በየዲግሪው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ስለዚህ የአግድሙን መለኪያ በስሌት አሳጠርኩት።

ሁለተኛው የቴክ ጉዳይ ነው፤ ግማሽ ቀን በልቶብኛል። በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ለማግኘት አግድሙንና ሽቅቡን በራሳቸው አባዝቼ፣ ደምሬ፣ ሥሩን እንዲያወጣ አዘዝኩ፤ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው። ትናንሾቹ ርቀቶች ሠሩ። ከ4.5 ሴንቲ ሜትር ያለፈው ሁሉ ግን ልኩ ከመጠን በላይ ነው የሚል ስሕተት እያመጣ ቆመ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቴክ ርዝመትን የሚቆጥረው ነጥብ በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ነጥብ የሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ጥቂት ፈቀቅ ይላል። እያንዳንዱን ነጥብ ለ65,536 ይከፍለዋል፤ ያ ክፋይ ከብርሃን ሞገድ ርዝመት እጅግ ያንሳል፣ ስለዚህ በትንሹ በኩል ችግር የለም። በትልቁ በኩል ግን ወሰኑ 16,384 ነጥብ ነው፤ ወደ 5 ሜትር ከ75። ለወረቀት ይተርፋል። ነገር ግን 4.5 ሴንቲ ሜትር 128 ነጥብ ነው፤ 128 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 16,384። ርዝመቱ ሳይሆን የርዝመቱ ብዜት ነው ወሰኑን የጣሰው። ለርቀት ግን ቲክዜድ የተዘጋጀ የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ያ ትእዛዝ ብዜቱ እንዳይገነፍል ቁጥሮቹን አስቀድሞ ያሳንሳል። በእሱ ስተካው ካርታው ያለ ቅሬታ ወጣ። ይህን በምጽፍበት ጊዜ አንድ ተማሪ ደብረ ማርቆስ ወይም ሌላ ቦታ ተቀምጦ ያንኑ ስሕተት እያየ ይሆናል፤ ይህ አንቀጽ ቢደርሰው እወዳለሁ።

በማግስቱ ምሰሶዎቹ ሊቆሙ ጎረቤቶች ለደቦ መጡ። ጠላው ከመቅረቡ በፊት አጎቴ የቤተ ክርስቲያኑን ንድፍ እንደገና አሳየኝ አለኝ። የተስተካከለውን ከፈትኩለት። መቅደሱን አየ፣ በሮቹን አየ፣ በጣቱ በቅድስቱ ዞረ። ግድግዳዎቹን ወፈር ባለ መስመር፣ በ0.3 ሴንቲ ሜትር ስያቸው ነበር።

«አያ፣ እንዴት ነው?» አልኩት።

«መንገዱን አንድ አልከኝ አይደል?»

«አዎ፣ ከማዕዘኑ እስከ ግድግዳው አንድ።»

«ከግድግዳው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

መልስ አልነበረኝም። ቲክዜድ መስመርን ሲያወፍር ውፍረቱን ለሁለቱም ወገን እኩል ያካፍላል፤ ስሌቱ የሚያውቀው የመስመሩን መሐል ብቻ ነው። የቅድስቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ 0.15 ገብቷል። የመቅደሱ ግድግዳ ወደ ውጭ 0.15 ወጥቷል፣ በማዕዘኑ ላይ ደግሞ ያው በሁለት ስኩዌር ሩት ይባዛልና 0.21 ነው። አንድ ነው ያልኩት የካህናት መንገድ 0.64 ብቻ ነበር፤ ከሲሶ በላይ ተበልቷል። አጎቴ ግድግዳ ጭቃና ጭድ እንዳለው ያውቃል፣ ውፍረት እንዳለው ያውቃል። የራሱን ገመድ ሲያስር ሦስት ሜትሩን እስከ ምሰሶው መሐል ቆጥሮ፣ ምርጊቱ ከውስጥ የሚበላውን ስንዝር አስቀድሞ ጨምሮበት ኖሯል።

የግድግዳውን ውፍረት አራተኛ ቁጥር አድርጌ ከሦስቱ ጋር ጻፍኩት። ለቅድስቱ 0.21 እና 0.15 ጨመርኩ፤ ጎኑ 3 ሲሆን 3.12 የነበረው 3.48 ሆነ። ቅኔ ማኅሌቱ ተከተለ፣ በሮቹ ዲግሪያቸውን አስተካከሉ፣ ጽሑፎቹ ወደ ቦታቸው ሄዱ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ስነሣ ሦስተኛው ምሰሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አጎቴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቱምቢውን ያያል፤ አራተኛውን የሚይዝ ሰው አጥተው ስለነበር ሮጬ ያዝኩ።